ናይሮቢና የቢምቢዋ መስመር
«የማይመች እውነት» በተባለው ፊልም ላይ የቀረበ ሒስ

ማንኛውም የትምህርት መርጃ መሣሪያ፣ ካርታም ይሁን ሥዕል ወይም ተንቀሳቃሽ ፊልም፣ ወደ ክፍል ከመግባቱ በፊት በአስተማሪው ዘንድ መመርመር እንደሚገባው በየሥልጠናው ይነገረናል። ይነገረናል እንጂ ሁልጊዜ አናደርገውም። እኔም ሳላደርገው የቀረሁበትን አንድ አጋጣሚ መነሻ በማድረግ፣ ብዙዎቻችን በክፍል ስለምናሳየው አንድ ፊልም፣ በተለይም በፊልሙ ውስጥ ስለ ወባ ስለተነገሩት ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ያለኝን ሒስ ለባልደረቦቼና ለተማሪዎች ለማቅረብ እወዳለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት «ዓ.ም.» ተብለው ካልተለዩ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ፊልሙ «የማይመች እውነት» ይባላል። የቀድሞው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎር በየአገሩ እየዞሩ ስለ ምድር መሞቅ የሚያደርጉትን ንግግር መሠረት በማድረግ በዴቪስ ጉገንሃይም አዘጋጅነት በ2006 ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት የኦስካር ሽልማት አገኘ። በዚያው በ2007 ጎር የኖቤልን የሰላም ሽልማት የአየር ንብረት ለውጥን ከሚያጠናው የመንግሥታት ሸንጎ ጋር ተካፈሉ። ፊልሙ ዛሬ ሃያ ዓመት ያህል ያስቆጠረ ቢሆንም በየትምህርት ቤቱ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ መታየቱን አላቋረጠም። የባዮሎጂውም፣ የጂኦግራፊውም፣ አልፎ አልፎም የእንግሊዝኛው አስተማሪ ይጠቀምበታል።

በቅድሚያ የሚመሰገንበትን ልናገር። አንድ ሰው ቆሞ ሠንጠረዥ እያሳየ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሲናገር አዳማጩ እንዳይሰለች ማድረግ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ከመምህራን የበለጠ የሚያውቀው የለም። ጎር ይህን ችለዋል። በሐዋይ ደሴት፣ በማውና ሎዋ ተራራ ላይ ከ1958 ጀምሮ በየጊዜው የተለካውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን የሚያሳየውን መስመር ሲያብራሩ፣ መስመሩ በየዓመቱ ለምን ከፍ ዝቅ እያለ እንደሚወጣ፣ ይኸውም በሰሜኑ የምድር ክፍል ያሉት ዕፀዋት ሲለመልሙ ጋዙን ስለሚስቡና ቅጠላቸው ሲረግፍ መልሰው ስለሚለቁ መሆኑን የገለጹበት አኳኋን እኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለዓመታት ከሞከርኩት ሁሉ የተሻለ ነው። ያ ክፍል ብቻውን ፊልሙን ለማሳየት በቂ ምክንያት ይሆናል። 1958 የሚለውን ዓመት ግን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ በሌላ ጉዳይ እንመለስበታለን።

ሒሴ ያረፈበት ቦታ አጭር ነው። ተማሪው ብዕሩን ከወረቀት ሳያነሣ ሊያልፍ ይችላል። ጎር እንደሚሉት ከቢምቢዋ መስመር ከፍ ብለው የተቆረቆሩ ከተሞች አሉ፤ ናይሮቢ አንዷ ናት፤ ሐራሬም ሌላዋ። አሁን ግን ምድር ስለሞቀች ያ መስመር ወደ ላይ እየወጣ ነው። ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ ፊልሙ ወደ ሌላ ጉዳይ ይሻገራል።

ፊልሙን ባሳየሁበት ክፍል ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ አያቴ ያደጉት ጣና ዳር ነው። ልጅ ሳሉ ንዳድ መንደሩን ጨርሶት ነበር ይላሉ፤ ቀባሪ ጠፍቶ ነበር አሉ። ያን ጊዜም ምድር ሞቃ ነበር?» አለችኝ። የጣና ሐይቅ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ከናይሮቢ ከፍታ የሚያንስ አይደለም። እንግዲህ ልጅቱ የጠየቀችው የቤተ ሰብ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የፊልሙን አባባል ከሥሩ የሚነቀንቅ ጥያቄ ነበር። እኔ በዚያች ሰዓት መልስ አልነበረኝም። ደወል ተደወለና አዳነኝ። ከዚያ በኋላ ያነበብኩትንና የተረዳሁትን ነው እዚህ የማቀርበው።

ከናይሮቢ እንጀምር። ናይሮቢ የተቆረቆረችው በ1899፣ ከሞምባሳ ተነሥቶ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚዘረጋው የባቡር ሐዲድ ወደ ደጋው ከመውጣቱ በፊት የሚያርፍበት ጣቢያ ስታስፈልግ ነው። ቦታው የተመረጠው ሜዳና ውኃ ስላለው ነው። ስሙም በማሳይ ቋንቋ ቀዝቃዛ ውኃን የሚያመለክት ነው። ቢምቢን ለመሸሽ የተመረጠ ኮረብታ ሳይሆን ረግረግ ያለበት ሜዳ ነበር። ወባም አልጠፋባትም፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ውስጥ ከተማዪቱ በወባ ወረርሽኝ ተደጋግማ ተመትታለች። በኋላ ረግረጉ ሲንጣፈፍ፣ ከተማው በድንጋይና በአስፋልት ሲሸፈንና መድኃኒት ሲገኝ በሽታው እየሳሳ ሄደ። ዛሬ በናይሮቢ የሚገኘው የወባ ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ ከጠረፉ ወይም ከምዕራብ ኬንያ በሽታውን ይዞ የመጣ መንገደኛ ነው።

በፊልሙ መሠረት ናይሮቢ አየሩ ቀዝቃዛ ሳለ ከወባ ነጻ ነበረች፤ አየሩ ሲሞቅ ወባ መጣባት። በታሪኩ መሠረት ግን አየሩ ቀዝቃዛ ሳለ ወባ ነበረባት፤ እየሞቀ ሲሄድ ቀነሰላት። ምሳሌው ተገልብጦ ቀርቧል ማለት ነው። የተገለበጠ ምሳሌ ደግሞ ምንም ምሳሌ ካለመስጠት የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ታሪኩን የሚያውቅ አንድ ሰው ተነሥቶ ስሕተቱን ያሳየ ዕለት አድማጭ ትክክለኛውንም ነገር አብሮ ይጥለዋል።

ከስሙና ከዓመቱ ስሕተት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ «መስመር» የምትለው ቃል ናት። ይህ ጥፋት የጎር ብቻ አይደለም፤ የእኛም ነው። የአገራችንን ከፍታ በሦስት ቀለም የሚያሳየውን ካርታ ግድግዳ ላይ ሰቅለን፣ ቆላው ቀይ፣ ወይና ደጋው ቢጫ፣ ደጋው አረንጓዴ ነው እያልን፣ «ወባ ከ2,000 ሜትር በላይ አይገኝም» የሚለውን ስንት ጊዜ አስጽፈናል? በፈተናስ ስንት ጊዜ ጠይቀናል? ልጁ 2,000 ብሎ ካልመለሰ ነጥብ ይቀነስበታል። መስመር ሲሰመር ከበላዩ ያለው ዳነ፣ ከበታቹ ያለው ተያዘ ማለት ይመስላል። ቢምቢዋ ግን ካርታ አታነብም። በ2,000 ሜትር ላይ ያለ መንደር በአንዱ ዓመት አንድም ሕመምተኛ ላይኖረው፣ በሌላው ዓመት ቤት ለቤት ሊያለቅስ ይችላል።

የልጅቱ አያት የሚናገሩት ዘመን ይህን ያስረዳል። ነገሩ የደረሰው በ1958 አጋማሽና መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. መገባደጃና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። በዚያን ጊዜ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው ሰፊ የኢትዮጵያ መሬት ላይ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። ሦስት ሚሊዮን ሕዝብ እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። አዝመራው ደርሶ የሚያጭደው ሰው ጠፋ። የቆላ ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በወባ እየተነደፈ ያደገ በመሆኑ፣ ከሞት የተረፈው ሰውነቱ በመጠኑ በሽታውን ይለምደዋል። የወይና ደጋው ሰው ግን ይህ ስለሌለው ሕፃኑም ጎልማሳውም እኩል ወደቀ። በማግሥቱ ዓመት በ1959 ወባን ለማጥፋት የተለየ መሥሪያ ቤት የተቋቋመውና ቤቶች በዲዲቲ መረጨት የተስፋፋው ይህ መከራ ካለፈ በኋላ ነው።

ማውና ሎዋ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለካት የተጀመረውና ጣና ዳር ቀባሪ የጠፋው በአንድ ዓመት ነው። ታዲያ ምድር ገና ብዙ ሳትሞቅ ወባ እንዴት ደጋውን ወጣ? ወረርሽኙን ያጠኑት ሰዎች እንደመዘገቡት በዚያ ዓመት ዝናቡ ከወትሮው በዛ፣ ወቅቱን ባልጠበቀ አኳኋንም ቆየ፣ ሙቀቱና የአየሩ እርጥበትም ከፍ አለ። ስለዚህ ለልጅቱ የሚሰጠው ትክክለኛ መልስ፣ «ምድር አልሞቀችም ነበር፤ ያ ዓመት ግን ሞቆ ነበር» የሚል ነው። የዓመት አየርና የዘመን አየር የተለያዩ ናቸው። ፊልሙ እነዚህን ሁለቱን ሳይለይ ነው ወባን የነካው።

እስካሁን ያልኩትን የሰማ ሰው የምድር መሞቅና ወባ አይገናኙም ያልኩ ሊመስለው ይችላል። ይህ ከሆነ ከፊልሙ የባሰ ስሕተት ላይ እንወድቃለን። ግንኙነቱ አለ፤ የሚታየው ግን በካርታ ላይ በተሰመረ መስመር ሳይሆን በቢምቢዋ ሆድ ውስጥ ነው። ይህንንም በጥቁር ሰሌዳ ላይ በማካፈልና በማባዛት ብቻ ማሳየት ይቻላል።

ቢምቢዋ የታመመ ሰው ደም ስትመጥ ተውሳኩን ትወስዳለች። ሆኖም ወዲያውኑ ለሌላ ሰው አታስተላልፍም፤ ተውሳኩ በሆዷ ውስጥ አድጎና ተባዝቶ ወደ ምራቋ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። ያን ጊዜ የሚወስነው ሙቀት ነው። የሶቪየት ተመራማሪዎች ያወጡትና ዴቲኖቫ በ1962 በዓለም ጤና ድርጅት በታተመው ሥራቸው ያሳወቁት ቀመር እንዲህ ይላል፦ ለፋልሲፓረም፣ 111ን የአየሩ ሙቀት ከ16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ባለው ልዩነት አካፍል። በ25 ዲግሪ ልዩነቱ 9 ስለሆነ 12 ቀን ያህል ይሆናል። በ20 ዲግሪ 28 ቀን። በ18 ዲግሪ ከ55 ቀን በላይ። ቫይቫክስ ቀዝቃዛን የበለጠ ይችላል፤ ለእርሱ 105 ከ14.5 ዲግሪ በላይ ላለው ልዩነት ይካፈላል፤ በ18 ዲግሪ 30 ቀን ይበቃዋል ማለት ነው። የደጋው ወባ ብዙ ጊዜ ቫይቫክስ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን የቢምቢዋን ዕድሜ እናምጣ። ከ100 ቢምቢዎች በየቀኑ ከዐሥሩ አንዷ ትሞታለች እንበል። ከ12 ቀን በኋላ 28ቱ በሕይወት ይኖራሉ። ከ28 ቀን በኋላ 5 ብቻ ይቀራሉ። ከ55 ቀን በኋላ ከ1,000 ሦስቱ እንጂ ከ100 አንዷም አትገኝም። እንግዲህ በ18 ዲግሪ ወባ የማይስፋፋው ቢምቢ ስለሌለ አይደለም፤ ቢምቢዋ ተውሳኩ ሳይበስል ስለምትሞት ነው። ይህን ተማሪ በካልኩሌተር ራሱ ሲደርስበት የሚያሳየው ፊት በየትኛውም ፊልም የሚገኝ አይደለም።

ቁም ነገሩ ከዚህ ይቀጥላል። ሙቀቱ ከ20 ወደ 21 ዲግሪ ከፍ ቢል 28 የነበረው ቀን 22 ይሆናል፤ በሕይወት የሚቆዩትም ከ5 ወደ 10 ይጠጋሉ። አንዲት ዲግሪ አደገኞቹን ቢምቢዎች እጥፍ አደረገቻቸው። በቆላ ግን ከ29 ወደ 30 ዲግሪ ቢወጣ ከ8 ቀን ተኩል ወደ 8 ቀን ገደማ ዝቅ ቢል ነው፤ ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እንዲያውም ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ቢምቢዋ ራሷ ስለምትደክምና ስለምትሞት ወባ በእጅጉ የሚመቸው በ25 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን የቅርብ ጊዜ ጥናቶች ያመለክታሉ። የምድር መሞቅ ለአፋር በረሃና ለወይና ደጋ አንድ ዓይነት ነገር አያመጣም። ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ ከጂኦግራፊ ትምህርት እናውቃለን፤ በዚህ ስሌት አንድ ዲግሪ ማለት 150 ሜትር ገደማ አቀበት ማለት ነው። ከዚህች 150 ሜትር ውስጥ ምን ያህል ሕዝብ እንደሚኖር ለማወቅ የአገራችንን ካርታ መመልከት ይበቃል፤ ብዙ ገበሬ ያረፈው እዚያው ጠርዝ ላይ ነው።

ፊልሙ ይህን ሁሉ ትቶ «መስመሩ ይወጣል» ብሎ ማለፉ ያሳዝናል። እውነተኛው ነገር ከተባለው ይልቅ የሚያስደነግጥም የሚያስተምርም ነበርና።

በዚህ ላይ ሳይንቲስቶች ራሳቸው የተከራከሩበትን ጉዳይ ላንሣ፤ ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ከፊልሙ ይልቅ ይህ ክርክር ቢቀርብ እመርጣለሁ። በምዕራብ ኬንያ በኬሪቾ የሻይ ተክል አካባቢ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ ወባ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በርትቶ ነበር። በ2002 ሳይመን ሄይና ባልደረቦቻቸው «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ በኬሪቾና በሌሎች ሦስት የምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ ቦታዎች ሙቀቱ ጉልህ ለውጥ አላሳየም፣ ስለዚህ ለወባው መባባስ ሌላ ምክንያት ፈልጉ አሉ። ክሎሮኩዊን የተባለው መድኃኒት ኀይሉን እያጣ መምጣቱ አንዱ ተጠርጣሪ ነበር። በ2006 ደግሞ መርሴደስ ፓስኳልና ባልደረቦቻቸው እነዚያኑ ቦታዎች እንደገና መርምረው ከ1970ዎቹ ወዲህ ሙቀቱ መጨመሩን አሳዩ። በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት የኬሪቾን የአየር ጠባይ ጣቢያ የዕለት ተዕለት መዝገብ አገላብጦ በየአሥር ዓመቱ 0.2 ዲግሪ ያህል ጭማሪ አገኘ።

እንዴት ነው ስለ አንድ ቦታ ሁለት መልስ የተገኘው? የመጀመሪያው ጥናት የተጠቀመው ራቅ ካሉ ጣቢያዎች ተነሥቶ በስሌት የተሞላ የሙቀት መዝገብ ነበር። ገደልና ተራራ በበዛበት አገር የአንዱ ጣቢያ ንባብ ለሌላው ሸለቆ አይሆንም። ክርክሩ ግማሽ ያህሉ ስለ ወባ ሳይሆን ስለ ቴርሞሜትር ነበር። ማነው የለካው? የት ሰቅሎ? ስንት ዓመት? እነዚህ ጥያቄዎች በእኛ ክፍል ውስጥ መቼ ተጠይቀው ያውቃሉ?

የእኛ አገር ድርሻ የመጣው በ2014 ነው። አሚር ሲራጅና ባልደረቦቻቸው «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት በቢሾፍቱ አካባቢ ከ1993 እስከ 2005 በየቀበሌው የተመዘገበውን የወባ ሕመምተኛ ቁጥር ከቀበሌው ከፍታ ጋር አገናዘበ። ከኮሎምቢያ አንድ ደጋማ ክፍለ ሀገርም ጎን ለጎን ተጠና። ዓመቱ ሲሞቅ በሽታው ወደ ከፍተኞቹ ቀበሌዎች ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይወርዳል። ይህ ግኝት እንደ ቀላል መታየት የለበትም። ጎር ያሉትን በከፊል ያረጋግጣል፤ ነገር ግን መስመር ሳይሆን እንደ ሐይቅ ዳር ውኃ የሚመጣና የሚሸሽ ነገር መሆኑን ያሳያል። በጥናቱ ውስጥ የተጠቀሙበትን መዝገብ የሞሉት ደግሞ በየጤና ጣቢያው የተቀመጡ ሠራተኞች ናቸው። እነዚያ ሰዎች በፊልም አይታዩም፤ የፊልሙ ተናጋሪ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ የእኛ አካባቢም ምሳሌ ሆኖ ይጠራል እንጂ አይናገርም።

ሌላው ጉድለት ፊልሙ ከሙቀት በቀር ምክንያት የሌለ ማስመሰሉ ነው። ስለ አየር ንብረት የተሠራ ፊልም ስለ ሁሉ ነገር ይናገር አልልም። ይሁንና መምህሩ ሊሞላው ይገባል። የደጋ ሰው ለአጨዳና ለአረም ወደ ሑመራና ወደ መተማ ወርዶ ሲመለስ ተውሳኩን በደሙ ይዞ ይመጣል። ግድብና መስኖ ሲሠራ ዳር ዳሩን ኩሬ ይተርፋል። በዝዋይ አካባቢ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች እንዳሳዩት የበቆሎ አበባ ብናኝ የወደቀበት ኩሬ የቢምቢዋን እጭ በደንብ ይመግባል፤ የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካንም በጎጃም በቡሬ በ1998 የደረሰውን ወረርሽኝ ከበቆሎ እርሻ መስፋፋት ጋር አያይዘው ጽፈዋል። በጓሮው በቆሎ ለሚዘራ ተማሪ ይህ ምንኛ ቅርብ ምሳሌ ነው! ከዋልታ ድብ ይልቅ ይቀርበዋል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ቢምቢ ናት። አገሯ ደቡብ እስያና የዐረቢያ ምድር ነው። በ2012 በጅቡቲ ታየች፤ በ2016 በቀብሪ ደሃር ተገኘች። ጅቡቲ በ2012 የወባ ሕመምተኛዋ 27 ብቻ ነበር፤ በ2020 ከ73,000 በለጠ። በ2022 በበጋው ድሬዳዋ ላይ ወባ ሲነሣ ተጠያቂ ሆና የተገኘችው ይህችው ናት። ከዝናብ ኩሬ ይልቅ በርሜል፣ ሮቶና የግንባታ ውኃ ማቆሪያ ትወዳለች። ስለዚህ በከተማ፣ በደረቅ ወራት ትራባለች። እርሷን ወደኛ ያመጣት መጓጓዣ እንጂ ሙቀት አይደለም። ቧንቧ በሳምንት አንድ ቀን የሚመጣበት ከተማ ውኃ ያጠራቅማል፤ ያጠራቀመውን ካልከደነ ለስቴፈንሲ ቤት ሠራላት።

ለዓመታት እየቀነሰ የመጣው ወባ በአገራችን እንደገና አገርሽቶ ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሕመምተኛና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። ይህን ሁሉ በሙቀት ላይ ማላከክ አይቻልም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ምድር ይህን ያህል አትሞቅም። ጦርነት መድኃኒት ርጭትንና አጎበር ማደልን አስተጓጉሏል፤ ተውሳኩ ለመድኃኒት፣ ቢምቢዋም ለፀረ ተባዩ እየተላመዱ ነው፤ አየሩም የራሱን ድርሻ ጨምሯል። ሙቀት በሩን ይከፍታል፤ የሚገባውን የሚወስነው ግን ሌላ ነው። «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» የሚለው መልስ አንዳንድ ጊዜ እውነት ሲሆን፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አጎበር ሳያከፋፍል የቀረ ሹም መሸሸጊያ ይሆናል። ተማሪዎቻችን ሁለቱን ካልለዩ ምን አስተማርናቸው?

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ያነበበልኝ አንድ ባልደረባዬ፣ «እንግዲያውስ ፊልሙ ውሸት ነው በለንና እንገላገል» አለኝ። እኔ አልልም። በ2007 በእንግሊዝ አገር ይኸው ፊልም በትምህርት ቤቶች እንዳይታይ ክስ ቀርቦ ነበር። ዳኛው ፊልሙ በጠቅላላው ትክክል መሆኑን ተቀብለው፣ ዘጠኝ ቦታዎችን ከሳይንሱ ያለፉ ናቸው ብለው ለይተው፣ ለመምህሩ ከሚሰጥ ማብራሪያ ጋር እንዲታይ ፈቀዱ። ከዘጠኙ ውስጥ የኪሊማንጃሮ በረዶና የቻድ ሐይቅ ይገኙባቸዋል። ናይሮቢ ግን የለችበትም።  ያስተዋለቻት አያቷ ጣና ዳር ያደጉባት የእኔ ተማሪ ናት። ማብራሪያውን መጻፍም የእኛ ፈንታ ሆኗል።

እኔ አሁን የማደርገው ይህ ነው። ፊልሙን አሳያለሁ። ናይሮቢ ስትጠራ አቆመዋለሁ፤ መብራት አበራለሁ፤ የልጅቱን ጥያቄ እንዳለች በሰሌዳው ላይ እጽፋታለሁ። ከዚያ የ111ን ማካፈል እንሠራለን፤ ቀጥሎ ስለ ኬሪቾ ቴርሞሜትሮች እናወራለን። ሁለት ክፍለ ጊዜ ይፈጃል፤ ፕሮግራሙ ይጠብበኛል፤ ርእሰ መምህሩ አንድ ሁለት ጊዜ በመስኮት ተመልክተው አልፈዋል። ሦስት ቀለም ያለውን ካርታም አላወረድኩትም፤ «2,000 ሜትር» ከሚለው ጎን ተማሪዎቹ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አድርገውበታል።

በክርክሩ መሐል አንድ ልጅ አንድ ነገር አነሣ፦ የአየር ጠባይ ጣቢያው የሚለካው ሜዳ ላይ በነጭ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቢምቢዋ ግን ደም ከመጠጠች በኋላ የምታርፈው ቤት ውስጥ፣ ሣር ክዳን ሥር፣ ከብትና ምድጃ ካለበት ነው፤ ታዲያ የትኛው ሙቀት ነው በ111 ውስጥ የሚገባው? ተመራማሪዎችም ይህን ያነሡታል፤ በደጋ ሌሊት የቤት ውስጥ ሙቀት ከደጁ ስለሚበልጥ ተውሳኩ በጣቢያው መዝገብ ከሚታሰበው ቀድሞ ሊበስል ይችላል። ያቺ ከኋላ የምትቀመጠው ተማሪ ክረምት ወደ አያቷ ስትሄድ ሁለት ቴርሞሜትር አዋስኳት። አንዱን ደጅ ጥላ ሥር፣ ሌላውን ከጎጆው ጣራ ሥር ሰቅላ በየንጋቱ እየመዘገበች መስከረም ላይ ደብተሩን አመጣችልኝ። የውስጡ በሁሉም ንጋት ይበልጣል። አያቷ ምን እንዳሉ ጠየቅኋት። «ይህን ለማወቅ ነው እንዴ ከከተማ ድረስ መስተዋት ተሸክመሽ የመጣሽው?» ብለው ሳቁብኝ አለች።